ለስላሳው አቤቱታ፦ በእንግሊዝ የተከለከለ አንድ ፍቺና የጠበቃው ብዕር

ጁላይ 25 ቀን 2018 (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በስተቀር ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አምስት የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች፣ አንዲት የ68 ዓመት ሴት ከ80 ዓመት ባለቤታቸው ጋር ያላቸው ጋብቻ በፍቺ እንዲፈርስ ያቀረቡትን ይግባኝ በሙሉ ድምፅ ውድቅ አደረጉ። ጋብቻው በተግባር ማክተሙን የመጀመሪያው ዳኛ በፍሬ ነገር ደረጃ አረጋግጠው ነበር። አመልካቿም ከቤት ወጥተው ለብቻቸው መኖር ከጀመሩ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ዋናውን ፍርድ የጻፉት ዳኛ እንኳ ውጤቱ እንደከነከናቸው አልሸሸጉም። ይህም ሁሉ ሆኖ ሕጉ በሴትየዋ ላይ ቆመ።

ጉዳዩ በእንግሊዝ አገር ብዙ የተባለለት የሕጉን ኋላ ቀርነት ስላጋለጠ ነው። እኔ ግን በቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃነት እንደሚሠራ ሰው ደጋግሜ ያነበብኩት በሌላ ምክንያት ነው። የክርክሩ ዕጣ በአብዛኛው የተወሰነው በችሎት አልነበረም፤ ገና የመጀመሪያዋ አቤቱታ በጠበቃ ጠረጴዛ ላይ ስትረቀቅ ነበር። ያች አቤቱታ የተጻፈችው ጥሩ ጠበቃ በሚጽፍበት መንገድ ነው። ቃሏ የለዘበ፣ ቁስል የማትነካካ፣ ለሰላም በር የምትተው ነበረች። የተሸነፈችውም በዚሁ ለዛዋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን እምነቴን ለማስረዳት ጉዳዩን ከሥሩ መዘርዘር ያስፈልጋል።

የጉዳዩ ፍሬ ነገር

ባልና ሚስቱ የተጋቡት በ1978 ነው። ሁለት ልጆች ወልደው አሳድገዋል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ልጆቹ ራሳቸውን የቻሉ አዋቂዎች ነበሩ። አመልካቿ በ2012 የፍቺ ጠበቃ አማክረው የአቤቱታ ረቂቅ እስከማዘጋጀት ደርሰው ነበር፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ለፍርድ ቤት አላቀረቡትም። ፌብሩዋሪ 2015 የጋራ መኖሪያቸውን ለቀው ወጡ፤ በዚያው ዓመት ሜይ ወር የፍቺ አቤቱታቸውን አስገቡ።

በእንግሊዝና ዌልስ በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው የ1973ቱ የጋብቻ ጉዳዮች ሕግ ነው። ሕጉ ፍቺ የሚሰጠው ጋብቻው ሊጠገን በማይችል ሁኔታ ሲፈርስ ብቻ ነው ይላል። መፍረሱ ግን በአምስት ሁኔታዎች ካልሆነ በስተቀር ሊረጋገጥ አይችልም፦ በተጠሪው ዝሙት፣ አመልካቹ ከተጠሪው ጋር ይኖራል ተብሎ በአግባቡ ሊጠበቅ በማይችልበት ዓይነት የተጠሪው ጠባይ፣ ሁለት ዓመት በዘለቀ ጥሎ መሄድ፣ ተጠሪው ፍቺውን ከተቀበለ በሁለት ዓመት ተለያይቶ መኖር፣ ካልተቀበለ ደግሞ በአምስት ዓመት ተለያይቶ መኖር። አንድ ዳኛ በዓይኑ የሚያየው የፈረሰ ትዳር ቢኖርም፣ ከአምስቱ አንዱ ካልተሟላ ፍቺ የመስጠት ሥልጣን የለውም።

በአመልካቿ ጠበቃ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ምርጫው ጠባብ ነበር። ባል ዝሙት ፈጽመዋል አልተባለም። ቤቱን ጥለው የወጡት ራሳቸው አመልካቿ ስለሆኑ ጥሎ መሄድም አይነሳም። ባል ፍቺውን ስለማይቀበሉ ሁለት ዓመት ቆይቶ በስምምነት መጨረስም አይቻልም። ስለዚህ ወይ እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ ቁጭ ብሎ አምስቱን ዓመት መቁጠር፣ ወይ የባልን ጠባይ ምክንያት አድርጎ አሁኑኑ መጠየቅ ነበረባቸው። ጠበቃቸው ሁለተኛውን መረጠ።

እዚህ ላይ መዘግየቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ብዙ ሰው ፍቺን የወረቀት ጉዳይ አድርጎ ያየዋልና። በእንግሊዝ ሕግ ፍርድ ቤቱ ቤትና ሀብት የማከፋፈል፣ የጡረታ መብት የማካፈል ወይም ከአንዱ ተጋቢ ወደ ሌላው ንብረት የማዛወር ሙሉ ሥልጣን የሚያገኘው የፍቺ ውሳኔ ሲሰጥ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ሳይፋቱ ተለያይቶ ለመኖር የሚሰጠው ውሳኔ እንኳ በዚያን ጊዜ የሚጠይቀው እነዚያኑ አምስት ሁኔታዎች ነበር። ስለዚህ የፍቺ አቤቱታው ሲወድቅ ሴትየዋ የተከለከሉት ባለቤታቸውን የመፍታት መብት ብቻ አልነበረም። በአርባ ዓመት ገደማ ትዳር ያፈሩትን ሀብት ድርሻም ፍርድ ቤቱ ቆርጦ እንዲሰጣቸው ማድረግ አልቻሉም። የ65 ዓመት ሴት በዚያ ዕድሜ አምስት ዓመት ጠብቂ ስትባል ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

አምስት አንቀጽ ብቻ

የመጀመሪያዋ አቤቱታ በባል ጠባይ ላይ አምስት አጫጭር አንቀጾች ብቻ ነበሯት። ተጠሪው ከቤተሰብ ሕይወት ይልቅ ሥራቸውን አስቀድመዋል፤ ለአመልካቿ የነበራቸው አያያዝ ፍቅርና ርኅራኄ የጎደለው ነበር፤ ብዙ ጊዜ ይከፉና ይነታረኩ ነበር፤ በሰው ፊት አመልካቿን የሚያሳንስ ነገር ይናገሩ ነበር፤ በዚህም ምክንያት አመልካቿ አዝነው፣ ዋጋ እንደሌላቸው ተሰምቷቸው፣ ተሸማቀው፣ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ከባለቤታቸው ርቀዋል የሚል ነው። ቀን የለም፣ ቦታ የለም፣ ስድብ ወይም ዛቻ በቃሉ አልተጠቀሰም።

ይህን የሚያነብ የአዲስ አበባ ጠበቃ ምናልባት የሥራ ስንፍና ይመስለው ይሆናል። እንዲያ አይደለም። የእንግሊዝ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለቤተሰብ ጠበቆች ያወጣው የአሠራር መመሪያ፣ በጠባይ ላይ የተመሠረተ አቤቱታ ፍርድ ቤቱን ለማርካት ከሚያስፈልገው በላይ ዝርዝር እንዳይይዝና በተቻለ መጠን ረቂቁ አስቀድሞ ለሌላው ወገን እንዲደርሰው ይመክር ነበር። ምክንያቱ ቀላልና ሰብአዊ ነው። ባል በመጥሪያ ላይ የሠላሳ ዓመት ኃጢአቱ ተዘርዝሮ ሲያነብ የሚቆጣው ስለ ፍቺው ብቻ አይደለም፤ ቁጣው ወደ ልጆቹ፣ ወደ ቤቱ፣ ወደ ገንዘቡ ክርክር ሁሉ ይሻገራል። በመለስተኛ ቃል የተጻፈ አቤቱታ የደረሰው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንገቱን ነቅንቆ ያልፈዋል፤ ፍቺውም ያለ ክርክር በመዝገብ ላይ ያልቃል።

አኀዙም ይህን አሠራር ያረጋግጣል። በ2016 በእንግሊዝና ዌልስ ከ113 ሺህ በላይ የፍቺ አቤቱታዎች ቀርበዋል። እንከራከራለን ብለው ያስታወቁት ተጠሪዎች ከመቶ 2 ያህሉ ናቸው፤ በትክክል መልስ አስገብተው እስከ መጨረሻው ችሎት የደረሱት ደግሞ በዓመቱ 17 ያህል ብቻ እንደነበሩ ተገምቷል። ስለዚህ ጠበቃው አቤቱታውን ለስላሳ አድርጎ ሲጽፍ፣ በመቶ ሺህ ጉዳዮች ትክክል የሆነውን መንገድ ነው የተከተለው። አመልካቿ ከእነዚያ ከጥቂቶቹ አንዷ ሆኑ። ባለቤታቸው ጋብቻው አልፈረሰም፣ የተባለውም ጠባይ የለኝም ብለው መልስ ሰጡ።

ሃያ ሰባት ምሳሌዎች፣ ግማሽ ቀን ችሎት

ተጠሪው እንደሚከራከሩ ሲታወቅ አመልካቿ አቤቱታቸውን ለማሻሻል ተፈቀደላቸው። የተሻሻለው አቤቱታ የባልን ጠባይ በ27 ምሳሌዎች ዘረዘረ። ከእነዚህ መካከል በአውሮፕላን ማረፊያ ሱቅ ውስጥ ስለ ስጦታ ግዢ በሰው ፊት መነቀፍ፣ ወዳጅ በተገኘበት ምግብ ቤት ውስጥ የተፈጠረ አለመግባባት፣ በቤት ሠራተኛ ፊት መዋረድና የመሳሰሉት ይገኙበታል። አንድ በአንድ ሲታዩ ጥቃቅን ናቸው። የአመልካቿ ጉዳይ ግን የተመሠረተው በአንዳቸውም ላይ አልነበረም፤ ለረጅም ጊዜ የዘለቀ የሚያሳንስና የሚያዋርድ አያያዝ በሁሉም ድምር ይታያል የሚል ነበር።

እዚህ ላይ የአሠራሩ ስሕተት ይጀምራል። ለጉዳዩ የተያዘው የችሎት ጊዜ ግማሽ ቀን ብቻ ነበር፤ ከባልና ሚስቱ በስተቀር ሌላ ምስክር አልተጠራም። የአመልካቿ ተከራካሪ ጠበቃም በጊዜው ጥበት ምክንያት ከ27ቱ ውስጥ በጥቂቶቹ ላይ ብቻ አተኮሩ። የድምር ጉዳይ የሚያቀርብ ሰው የድምሩን ክፍሎች ከቀነሰ ምን እንደሚቀረው ግልጽ ነው። ዳኛው የሚያዩት ሦስት አራት የትዳር ንትርኮችን ይሆናል። ጠበቃው ይህን ያደረጉት ከእውቀት ማነስ አይመስለኝም። በዚያ አገር በተለመደው አሠራር ዳኞች በጠባይ ላይ በተመሠረተ አቤቱታ ብዙም ስለማይጨክኑ፣ ጥቂቱ ይበቃል ብለው አስበው መሆን አለበት።

ጃንዋሪ 2016 በለንደን ማዕከላዊ የቤተሰብ ፍርድ ቤት የተሰየሙት ዳኛ ውሳኔ ሰጡ። ጋብቻው መፍረሱን አረጋገጡ። ይሁን እንጂ የቀረቡት ክስተቶች የተጋነኑ፣ በየትዳሩ የሚያጋጥሙ ተራ አለመግባባቶች ናቸው፤ ተጠሪውም የቀድሞ ዘመን ወግ ያልለቀቃቸው ሰው ቢሆኑ አመልካቿ ደግሞ ከብዙዎች ይልቅ ስስ ናቸው በማለት፣ ሕጉ የሚጠይቀው ዓይነት ጠባይ አልተረጋገጠም ብለው አቤቱታውን ዘጉ።

ማርች 2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸና። በወቅቱ የቤተሰብ ችሎቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሰር ጀምስ ምንቢ በፍርዳቸው ሕጉ የሚሠራው በግብዝነትና በእውነተኛነት ጉድለት ላይ ተመሥርቶ መሆኑን በግልጽ ጻፉ፤ ዳኛ ግን ሕጉን እንዳለ ከመተርጎም አልፎ ሊለውጠው አይችልም አሉ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜይ 17 ቀን 2018 ክርክሩን ሲሰማ ችሎቱ ሌዲ ሄይል፣ ሎርድ ማንስ፣ ሎርድ ዊልሰን፣ ሎርድ ሆጅና ሌዲ ብላክ ነበሩ። ዋናውን ፍርድ የጻፉት ሎርድ ዊልሰን ለዚህ ዓይነት ጉዳይ ሦስት ደረጃ ያለው ምርመራ አስቀመጡ። በመጀመሪያ ተጠሪው ምን እንዳደረገና ምን እንዳላደረገ ይጣራል። ቀጥሎ የሁለቱን ሰብእናና የትዳራቸውን ታሪክ ከግምት በማስገባት ያ ጠባይ በዚህች አመልካች ላይ ያደረሰው ጫና ይመዘናል። በመጨረሻም ይህ ሁሉ ተደምሮ አመልካቿ አብረው ይኑሩ ብሎ መጠበቅ አግባብ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ይወሰናል። ይህ ሚዛን ከኅብረተሰቡ አመለካከት ጋር አብሮ የሚለወጥ መሆኑንም ጠቁመዋል፤ በ1970ዎቹ ሚስት ልትሸከመው ይገባል የተባለው ነገር ዛሬ እንደዚያ አይታይም። ምርመራው ትክክል ነው ብለው ካስቀመጡ በኋላ ግን፣ የመጀመሪያው ዳኛ ለራሳቸው የሰጡት የሕግ መመሪያ ስሕተት ስላልነበረበት ፍርዳቸውን መሻር አይቻልም አሉ፤ ሕጉ ይሻሻል እንደሆነ ፓርላማው ይመልከተው በማለትም ወደ ሕግ አውጪው መለሱት።

ሌዲ ሄይል ለብቻቸው የጻፉት አስተያየት ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ጠበቆችና ዳኞች በልማድ «አግባብ ያልሆነ ጠባይ» እያሉ የሚያሳጥሩት አባባል ሕጉ የማይለውን ጥፋተኝነት ያስገባል ሲሉ አስጠነቀቁ፤ የሕጉ ጥያቄ አመልካቿ አብረው ሊኖሩ ይገባል ወይ ነው እንጂ ተጠሪው ጥፋተኛ ናቸው ወይ አይደለም። ከሁሉ በላይ ያስጨነቃቸው ደግሞ፣ ብዙ ጥቃቅን ድርጊቶች ተደምረው የሚፈጥሩት ክብደት ሊመረመር በማይችልበት አጭር ችሎት ጉዳዩ መታየቱ ነበር። ትክክለኛው መፍትሔ ጉዳዩን እንደገና እንዲሰማ መመለስ ሊሆን ይችል ነበር፤ ይሁን እንጂ አመልካቿ በጠበቃቸው በኩል ያንን እንደማይፈልጉ ተናገሩ። ከቤት ከወጡ ሦስት ዓመት ተኩል ለሆናቸው ሴት፣ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ጀምረው ባለቤታቸው ፊት ቆመው መመስከር የማይታሰብ ቢሆን አይገርምም። ስለዚህ ሌዲ ሄይልም ይግባኙ እንዲወድቅ ድምፅ ሰጡ።

ብዕሩን በተመለከተ

ይህን ጉዳይ በጠበቃነት ዓይን የሚያይ ሰው አንድ ጥያቄ ይነሳበታል፤ ጠበቃው መጀመሪያውኑ ጠንካራ አቤቱታ መጻፍ ነበረበት ወይ? እኔ አልነበረበትም እላለሁ። ያንን አቤቱታ ያጠነከረ ጠበቃ በሌሎቹ በመቶ ሺህ ቤቶች እሳት ይለኩሳል። ስሕተቱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ተጠሪው እከራከራለሁ ካሉበት ቀን ጀምሮ ጉዳዩ ሌላ ጉዳይ ሆኗል፤ አዲስ የጊዜ ስሌት፣ አዲስ ማስረጃ፣ አዲስ ምስክር ይፈልጋል። ስለ ሰው ፊት መዋረድ የሚከራከር ሰው፣ ያንን ውርደት ያዩትን ሰዎች ካላስጠራ ማንን ያስጠራል? የቤት ሠራተኛዋ፣ ምግብ ቤት የነበረው ወዳጅ፣ የጎለመሱት ልጆች ሁሉም ሊያስረዱት የሚችሉት ነገር ነበር። ልጆችን በወላጆች ጠብ ማስመስከር የሚያስጠላ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ደንበኞቼን ከዚያ አርቃለሁ። ግማሽ ቀን ይበቃል ብሎ መስማማት ግን የሚያስፈልግ አልነበረም።

ለእኛ አገር ጠበቃ ጉዳዩ ሩቅ የሚመስለው በአንድ በኩል ልክ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ከባድ ምክንያት ያለውና የሌለው ብሎ ይለይ ነበር፤ ጥያቄው የሚቀርበው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሲሆን ያለ ከባድ ምክንያት ፍቺ የጠየቀ ተጋቢ በንብረት ክፍፍሉ ሊቀጣ ይችል ነበር። ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የጸናው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን ልዩነት አስቀርቶ ፍቺን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹን ለማስታረቅ ይሞክራል፣ በሽማግሌዎች እንዲታይ ያደርጋል፣ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር ግን ፍቺውን ይወስናል እንጂ ጠያቂው በቂ ምክንያት አላስረዳህም ተብሎ ወደ ትዳሩ አይመለስም። እንግሊዞች እዚህ ነጥብ ላይ የደረሱት እኛ ከደረስን ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው ነው፤ ስለ ሕጋችን የሚባለው በአመዛኙ ወቀሳ ስለሆነ ይህን መናገር ተገቢ ይመስለኛል።

በሌላ በኩል ጥፋት ከሕጋችን ጨርሶ አልወጣም። በአንቀጽ 84 መሠረት ለፍቺው ምክንያት የሆነው ከተጋቢዎች አንዱ ከሆነና ፍትሕ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ያ ተጋቢ ለሌላው ካሣ እንዲከፍል ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ደንበኛ ቢሮ መጥቶ «የሠራብኝን ሁሉ ጻፊልኝ» ወይም «የሠራችብኝን ሁሉ ጻፍልኝ» ሲል፣ የዚህ አገር ጠበቃም ያንኑ የእንግሊዙን ጠበቃ ጥያቄ ይጋፈጣል። ሁሉን ከጻፈ ሽማግሌዎች ፊት ሊታረቁ ወይም በስምምነት ሊለያዩ የሚችሉ ሰዎችን ያፋጃል፤ ካልጻፈ ኋላ ካሣ ሲጠየቅ መሠረት የለውም። እኔ የምከተለው መንገድ፣ አቤቱታውን ፍቺውን ለማስወሰን በሚበቃው ልክ ብቻ ጽፎ፣ ዝርዝሩን ከነቀኑና ከነምስክሩ በፋይሉ ውስጥ ለብቻው ማኖር ነው። ደንበኛው ይህን የማይወድበት ጊዜ ብዙ ነው። ስድቡን በወረቀት ማየት ይፈልጋል፤ ሕመሙ እንደተሰማ የሚያምነው ያኔ ነውና። ያንን ሕመም ቁጭ ብሎ ማዳመጥ የሥራው ክፍል ነው፤ አቤቱታ ላይ መገልበጡ ግን አይደለም።

ከፍርዱ በኋላ

የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ የእንግሊዝን መንግሥት አነቃነቀ። ፓርላማው ቀደም ሲል በ1996 ጥፋትን ከፍቺ የሚያወጣ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ያ ክፍል ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቶ በ2014 ተሽሯል። አሁን ግን ውሳኔው በተሰጠ በሁለት ወር ውስጥ መንግሥት የሕዝብ አስተያየት መሰብሰቢያ ሰነድ አወጣ። አዲሱ የፍቺ፣ የጋራ ኑሮ መፍረስና የመለያየት ሕግ ጁን 25 ቀን 2020 የንግሥቲቱን ይሁንታ አግኝቶ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 2022 ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ አንዱ ተጋቢ ወይም ሁለቱም በጋራ ጋብቻው ሊጠገን በማይችል ሁኔታ መፍረሱን በጽሑፍ ካረጋገጡ፣ ያ ቃል ለፍርድ ቤቱ የመጨረሻ ማስረጃ ነው። ማመልከቻው ከገባ በኋላ 20 ሳምንት ይጠበቃል፣ ሁኔታዊው ትእዛዝ (ጋብቻውን ገና የማያፈርሰው የመጀመሪያው የፍቺ ትእዛዝ) ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ስድስት ሳምንት። ተጠሪው ሊከራከር የሚችለው በፍርድ ቤቱ ሥልጣን፣ በጋብቻው ሕጋዊነትና በመሳሰሉት ጠባብ ነጥቦች እንጂ፣ ጠባዬ እንዲህ አይደለም በማለት አይደለም።

የጠባይ ክስ የሚጻፍበት ክፍል ከማመልከቻው ጠፋ። ለሕጉ ምክንያት የሆኑት ሴት ግን ከዚህ ለውጥ ያገኙት ነገር አልነበረም። ከቤት የወጡበት አምስተኛ ዓመት የሞላው ፌብሩዋሪ 2020 ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የባላቸው ስምምነትም፣ ስለ ጠባያቸው የሚቀርብ ማስረጃም ሳያስፈልግ በአሮጌው ሕግ ፍቺ መጠየቅ ይችሉ ነበር። አዲሱ ሕግ ይሁንታ ያገኘው ከዚያ አራት ወር ቆይቶ ነው።